96 ጊዜ የተሸነፈ ቡድን መደገፍ ያዋጣል?

ጥያቄው፦ «ከደብረ ብርሃን ነው የምጽፈው። አጎቴ ሜሪላንድ ይኖራል። የዛሬ ሁለት ዓመት ‹ደብልዩ› የተጻፈበት ቀይ ኮፍያ ላከልኝ፣ የዋሽንግተን ናሽናልስ ነው። በዚያው ቤዝቦል ማየት ጀመርኩ። አሁን ሕጉን ችዬዋለሁ፣ ወድጄዋለሁም። ችግሩ ቡድኑ ነው። በ2025 ብቻ 96 ጨዋታ ተሸነፉ። ሁዋን ሶቶን የሚያህል ልጅ ሸጠው ሕፃናት ሰብስበዋል። ጓደኞቼ አርሰናልና ማንቼ ናቸው፣ ‹ያንተ ቡድን እስካሁን አልወረደም?› እያሉ ይስቁብኛል። ሌሊት ሌሊት እየተነሳሁ ማየቱም አድክሞኛል። ዛሬስ ያሸንፋሉ እያልኩ ቤቲንግ ቆርጬ ስንቴ ተበላሁ። ወደ ሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ልዙር ወይስ ልጠብቅ? ከጠበቅኩስ ስንት ዓመት?»

አይወርዱም። ከዚህ ልነሳ፣ ምክንያቱም የጥያቄህ ግማሹ የመጣው ቤዝቦልን በእግር ኳስ ዓይን ከማየት ነው። የአሜሪካው ትልቁ ሊግ 30 ቡድን አለው፣ ለከርሞም እነዚያው 30 ናቸው። የሚወርድ የለም፣ ከታች የሚያድግም የለም። የመጨረሻ የወጣ ቡድን እንዲያውም ይካሳል። ቡድኖቹ በየዓመቱ ሐምሌ ላይ ከሁለተኛ ደረጃና ከኮሌጅ የሚመጡ ልጆችን በተራ ይመርጣሉ፣ ድራፍት የሚሉት ይሄንን ነው፣ ሥርዓቱም የተሠራው ደካማው ቀድሞ እንዲመርጥ ነው። ድሮ የመጨረሻ የወጣው በቀጥታ አንደኛ ይመርጥ ነበር። ታዲያ ይሄ ሲታወቅ መሸነፍ የማያሳፍራቸው ቡድኖች በዙ። ከ2023 ወዲህ የመጀመሪያዎቹ ስድስት ቦታዎች በዕጣ ሆኑ፣ ከታች ያሉት ሦስቱ እኩል 16.5 በመቶ ዕድል ይዘው ይገባሉ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) በ2025 ከዋሽንግተን የባሱ ቡድኖች እያሉ ዕጣው ለዋሽንግተን ወጣ፣ ኢላይ ዊሊትስ የሚባል የ17 ዓመት ልጅም መረጡ። አስራ ሰባት! እዚያው እናንተ ሰፈር ቢሆን ለማትሪክ የሚያጠና ልጅ ነው።

«ሸጡት» የምትለውም ልክ አይደለም። በእግር ኳስ ተጫዋች ሲለቅ ክለቡ ገንዘብ ይቀበላል። ቤዝቦል ላይ ዋናው ነገር የሰው በሰው ልውውጥ ነው። ለምን እንደሚለዋወጡ ለመረዳት ደግሞ አንድ ሕግ ማወቅ ይበቃሃል። አንድ ልጅ ትልቁ ሊግ ከገባ ጀምሮ ስድስት ሙሉ የአገልግሎት ዓመት እስኪሞላው የቡድኑ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዓመታት ገደማ በዝቅተኛው ደሞዝ ይጫወታል፣ ዝቅተኛ ስልህ በ2025 ዓመት 760 ሺህ ዶላር ነበር፣ እንዳታዝንለት። ከዚያ ሦስት ዓመት ደሞዙ በድርድር፣ ካልተስማሙም በገላጋይ ይወሰናል። ስድስቱ ሲሞላ ነፃ ሰው ነው፣ የፈለገበት ይሄዳል፣ የድሮ ቡድኑም አንዲት ሳንቲም የዝውውር ገንዘብ አያገኝም።

ሶቶ ይህ የሚሞላለት በ2024 መጨረሻ ነበር። ዋሽንግተን በ2022 ለ15 ዓመት 440 ሚሊዮን ዶላር አቀረበለት። እምቢ አለ። ያኔ ምርጫው ሁለት ነበር፦ ሁለት ዓመት ተኩል እያጫወቱት እየተሸነፉ ቆይተው በመጨረሻ እጃቸውን አጨብጭበው መቅረት፣ ወይም ዋጋው ጣሪያ ላይ ሳለ መለወጥ። በኦገስት 2022 ለሳንዲያጎ ሰጡት፣ በምትኩ አምስት ወጣቶችና አንድ ነባር ተጫዋች መጡ። ወጣቶቹ ሲጄ ኤብራምስ፣ ማኬንዚ ጎር፣ ጄምስ ዉድ፣ ሮበርት ሃሰልና ሃርሊን ሱሳና ናቸው። ሶቶ ራሱ ሳንዲያጎም አልቆየም። ወደ ያንኪስ ሄደ፣ ከዚያ በ2024 መጨረሻ ከሜትስ ጋር በ15 ዓመት 765 ሚሊዮን ዶላር ተፈራረመ። 440ን እምቢ ያለው ለምን እንደሆነ አሁን ገባህ? ልጁ ሒሳቡን ያውቅ ነበር።

መንዝ በግ የሚያረባ ዘመድ ካለህ ይሄ ነገር ቶሎ ይገባሃል። እዚያ የቆየ ችግር አለ። ቶሎ ያደገው ጠቦት ለበዓል ጥሩ ዋጋ ስለሚያወጣ ቀድሞ ገበያ ይወጣል፣ ቤት የሚቀረው ኮሳሳው ነው፣ በጎቹን የሚያጠቃውም ያው ኮሳሳው ይሆናል። እንዲህ እንዲህ እያለ መንጋው ያንሳል። በማኅበር ሆነው የሚያረቡት ገበሬዎች ይሄንን ለመስበር ጠቦቶቹን በስድስት ወራቸው ይመዝኑና ምርጦቹን ለዘር ያስቀራሉ። ዋሽንግተንም የደረሰውን አውራ ሰጥቶ አምስት ጠቦት ተቀበለ። አምስቱም አውራ አይሆኑም። ሁለቱ ከሆኑ ልውውጡ ተሳካ ይባላል። ሙክት ሳይሆን አውራ ያልኩህ አውቄ ነው፣ ሶቶ ሲሄድ ገና 23 ዓመቱ ነበርና። ደጋፊውን ያመመውም እሱ ነው። ሽማግሌ ቢሆን ማንም አያለቅስም ነበር።

እስካሁን ያለው ውጤት? ኤብራምስ በ2024፣ ጎርና ዉድ በ2025 የሊጉ ምርጦች ለሚጫወቱበት የኮከቦች ጨዋታ ተመርጠዋል። ከአምስቱ ሦስቱ ማለት ነው። እንደ ልውውጥ ብቻ ካየኸው የሚያማርር ነገር የለውም።

ታዲያ ልውውጡ ጥሩ ከሆነ ለምን 96 ጊዜ ይሸነፋሉ? ጉድለቱ ከሶቶ በፊት የጀመረ ስለሆነ ነው። ይሄ ቡድን በ2019 ሻምፒዮን ነበር። ያውም የዚያን ዓመት ከ50 ጨዋታ 31 ተሸንፎ፣ ሁሉም ቀብሮት፣ ከዚያ ተነስቶ በ93 ድል ጨረሰና ኦክቶበር 30 ሌሊት ሂውስተን ላይ በሰባተኛው ጨዋታ ዋንጫውን በላ። ዋንጫ ደግሞ ያሰክራል። የዚያን ክረምት ስቲቨን ስትራስበርግ ለሚባል ፒቸር፣ ማለትም ኳስ ወርዋሪ፣ የሰባት ዓመት 245 ሚሊዮን ዶላር ውል ሰጡት። ሰውዬው ከዚያ ወዲህ ስምንት ጨዋታ ብቻ ወረወረ። ስምንት! በጉዳት ነው፣ ስንፍና አይደለም፣ ግን ገንዘቡ ያው ይከፈላል። ሌላው ኮከባቸው አንቶኒ ሬንዶን በነፃ ሄደ። በ2020 ኮሮና መጣ፣ 60 ጨዋታ ብቻ፣ ያውም ያለ ተመልካች፣ ስለዚህ ሻምፒዮን ሆነው እንኳ የዋንጫውን ማግስት ትኬት ሸጠው አልበሉትም። ከታች ደግሞ ጎተራው ባዶ ነበር፣ ለዓመታት ዋንጫ ሲያሳድዱ ወጣቶቻቸውን ልምድ ባላቸው ሰዎች ሲለውጡ ኖረዋልና። በ2021 ማክስ ሸርዘርንና ትሬ ተርነርን ለዶጀርስ ሰጥተው ማፍረሱን ጀመሩ። በ2022 107 ጊዜ ተሸነፉ። በ2023 91፣ በ2024 ደግሞ 91። በ2025 ይሻሻላል ሲባል 96 ሆነና ሐምሌ ላይ አሠልጣኙም ዋና ሥራ አስኪያጁም ተባረሩ። ሁለቱም የ2019ን ዋንጫ ያመጡ ሰዎች ናቸው።

እዚህ ጋ ነው ያንተ ትክክለኛ ቅሬታ ያለው። ከ91 ወደ 96 ማለት ወደኋላ መሄድ ነው። ግንባታ ላይ ነን እያሉ አምስት ዓመት መሸነፍ ይቻላል፣ ብዙ ቡድንም ይሄንን ቃል እንደ ጋቢ ተከናንቦት ይተኛል። ስለዚህ ደጋፊ ሆነህ «ወጣቶች ናቸው» የሚለውን ዝም ብለህ አትዋጥ። ወጣት መሆን በራሱ ምንም አይደለም። እያደጉ ነው ወይ ነው ጥያቄው፣ ይሄ ደግሞ ከውጤት ሠንጠረዡ ላይ አይታይም።

የት እንደሚታይ ልንገርህ። እኔ ከሸዋ ሮቢት ወጥቼ አሜሪካ አንድ ታችኛ ሊግ ቡድን ውስጥ ስድስት ዓመት ቁጥር ስመዘግብ ኖሬአለሁ። ሥራዬ እያንዳንዷ የተወረወረች ኳስ የት እንደገባችና መቺው ምን እንዳደረገ መጻፍ ነበር። አሰልቺ ሥራ ነው፣ ግን ዓይን ያወጣል። አንድ ዓመት አንድ የ20 ዓመት የዶሚኒካን ልጅ መጣ። ጉልበቱ ጉድ ነው። ሚያዝያ ላይ ፒቸሮቹ አንዲት ዘዴ አገኙበት። ቀጥ ብላ የምትመጣ የምትመስል ኳስ ይወረውሩለታል፣ መጨረሻ ላይ ወደ ውጭ ትታጠፋለች፣ እሱ አየሩን ይመታል። በድጋሚ ትታጠፋለች፣ በድጋሚ አየሩን። ሦስተኛው ላይ ዱላውን ይዞ ይመለሳል። ሜዳ ዳር ያሉት ይስቃሉ። ገና ተጫውተህ ካደግህ ታውቀዋለህ፣ ሩሯን ስቶ አፈር የመታ ልጅ ምን እንደሚባል። እሱ ግን በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ እንደሚባለው ሳይቆጣ ይገባል።

ሐምሌ ላይ ያው ፒቸር፣ ያቺው ኳስ። ልጁ ትከሻውን ነቅነቅ አደረገ፣ እጁ ጀመረ፣ ከዚያ ቆመ። ኳሷ ታጥፋ ውጭ ወደቀች። አልመታም። ማንም አላጨበጨበም፣ ማንም አላየም፣ በማግስቱ ዜና ላይም የለችም። እኔ መዝገቤ ላይ ከሥሯ ሁለት ጊዜ አሰመርኩባት። ከዚያ በኋላ ፒቸሩ ግራ ገባው፣ ወደ መሐል ወረወረለት፣ ልጁ አጥሩን አሳለፋት። ሰው ሁሉ ያስታወሰው ሆም ራኑን ነው። ሥራው የተሠራው ግን ባልመታት ኳስ ላይ ነበር። ፒቸሩ ከ18 ሜትር ተኩል ርቀት በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር ይወረውርብሃል፣ ኳሷ እስክትደርስ የግማሽ ሰከንድ ጊዜ እንኳ የለህም፣ በዚያ ውስጥ «ይቺን ልተዋት» ብሎ መወሰን በአንድ ክረምት የሚመጣ ነገር አይደለም። የልጁ ቡድን ያንን ዓመት ከሥር ሁለተኛ ነበር የወጣው።

አሁን ይሄንን ዓይን ይዘህ ወደ ጄምስ ዉድ ተመለስ። ያንተው አጎት ሰፈር ልጅ ነው፣ ሜሪላንድ ነው ያደገው፣ ቁመቱ ሁለት ሜትር ይሆናል። በ2025 31 ሆም ራን መታ። በዚያው ዓመት 221 ጊዜ በስትራይክ፣ ማለትም ሦስት ጥሩ ኳስ አምልጦት፣ ወጣ። በአንድ ሲዝን እስከዛሬ የተመዘገበው ትልቁ 223 ነው፣ ሁለት ነው የቀረው። ጓደኞችህ ሁለተኛውን ቁጥር ብቻ ያነቡልሃል። አንተ ግን ይሄንንም ጨምር፦ ጁን 29 ቀን 2025 ከኤንጀልስ ጋር ሲጫወቱ ተጋጣሚው ለእሱ መወርወር ፈርቶ በአንድ ጨዋታ አራት ጊዜ ሆን ብሎ ሳያስመታው ወደ አንደኛው ቤዝ በነፃ አሳለፈው። ከታዋቂው መቺ ከባሪ ቦንድስ በኋላ፣ ከ2004 ጀምሮ፣ በማንም ላይ ያልተደረገ ነገር ነው። ይሄ ልጅ 221ዱን ወደ 170 ካወረደው አስፈሪ ነው። ካላወረደው ጥሩ ተጫዋች ሆኖ ይቀራል። ልዩነቱ ያቺ የማትመታዋ ኳስ ናት።

ከመቺዎቹ ይልቅ የሚያሳስበኝ ፒቺንጋቸው ነው። የ2025 ዋናው በሽታ እሱ ነበር። ፒቸር ደግሞ ማሳደግ ከባድ ነው፣ ክርናቸው ይበጠሳል። ጆሳያ ግሬይን አስታውስ፣ በ2021 ለሸርዘርና ለተርነር ምትክ የመጣው፣ በ2023 ኮከብ ሆኖ ተመረጠ፣ በ2024 ክርኑን ቀዶ ሕክምና ገባ። ይሄ ቀዶ ሕክምና ከዓመት እስከ ዓመት ከመንፈቅ ያስቀምጣል። ለዚህ ነው «በዚህ ዓመት ይነሳሉ» ብሎ ቀን የሚቆርጥልህን ሰው ማመን የሌለብህ።

ለራስህ የሚሆን መለኪያ ከፈለግህ ሁለት ብቻ ውሰድ። አንደኛ፣ የተቆጠረባቸውን ራን፣ ማለትም ነጥብ፣ ካስቆጠሩት ቀንስ። አሥር ራን አንድ ድል ገደማ ነው፣ የቆየ የባለሙያዎች ሒሳብ ነው፣ በደንብ ይሠራል። ቡድኑ እየተሸነፈ ልዩነቱ እየጠበበ ከሆነ እየመጡ ነው። እያሸነፈ ልዩነቱ ከዜሮ በታች ከሆነ በዕድል ነው የቆመው፣ አትደሰት። ሁለተኛ፣ ፒቸሮቻቸው በነፃ የሚያሳልፉትን፣ ዎክ የሚባለውን፣ ቁጠር። ወጣት ፒቸር መጀመሪያ የሚማረው ፍጥነት አይደለም፣ ያንን ተሸክሞ ነው የሚመጣው። የሚማረው ኳሷን የፈለገበት ማስቀመጥ ነው።

አንድ ደስ የማይል ነገር ልንገርህ። ግንባታ ሁሌ አይሳካም። ሂውስተን ከ2011 እስከ 2013 በየዓመቱ ከ105 ጨዋታ በላይ ተሸነፈና በ2017 ዋንጫ በላ (በኋላ የተጋጣሚን የእጅ ምልክት ሲሰርቅ እንደነበር ተደረሰበት፣ እሱ ሌላ ጉድ ነው)። የሜሪላንዱ ባልቲሞር በ2018 115 ጊዜ፣ በ2021 110 ጊዜ ተሸንፎ በ2023 101 ጨዋታ አሸነፈ። ሰው ሁሉ «አለቀ፣ የነሱ ዘመን ነው» አለ። በ2025 ከግማሽ በታች ሆኖ ጨረሰ። ችካጎ ዋይት ሶክስ ደግሞ ኮከቦቹን ለውጦ፣ ወጣት ሰብስቦ፣ በ2020ና በ2021 ወደ ጥሎ ማለፉ ገባ፣ ግንባታው ተሳካ ተባለ። በ2024 121 ጊዜ ተሸነፈ፣ በዘመናዊው ቤዝቦል ታይቶ አይታወቅም። ፒትስበርግ ከ1993 እስከ 2012 ሃያ ዓመት በተከታታይ ከግማሽ በታች ነበር። እዚያ ከተማ ተወልዶ፣ አድጎ፣ ኮሌጅ ገብቶ ቡድኑ ከግማሽ በላይ ሲያሸንፍ ያላየ ትውልድ አለ።

የሚሳካውንና የማይሳካውን የሚለየው ልጆቹ ብቻ አይደሉም። ባለቤቱ ነው። ጠቦቶቹ ሲያድጉ ዙሪያቸውን የሚሞላ የጎለመሰ ተጫዋች መግዛት አለበት፣ ጎበዞቹ ስድስት ዓመታቸው ሳይሞላ ረጅም ውል መስጠት አለበት። ዋሽንግተን ራሱ ይሄንን አንዴ አድርጎታል። በ2008 102፣ በ2009 103 ጊዜ ተሸነፈ። በእነዚያ ሽንፈቶች ምክንያት ስትራስበርግንና ብራይስ ሃርፐርን በአንደኝነት መረጠ። ከዚያ ቦርሳውን ፈታ። በ2012 98 ድል መጣ። አሁንስ? ባለቤቶቹ በ2022 ቡድኑን ሊሸጡ ገበያ አወጡት፣ በ2024 ሐሳባቸውን ቀየሩ፣ በመሐሉ ቦርሳው ታስሮ ቆየ። በ2025 መጨረሻ ፖል ቶቦኒ የሚባል ወጣት ኃላፊና ብሌክ ቡቴራ የሚባል የ33 ዓመት አሠልጣኝ ቀጠሩ። አሠልጣኙም ወጣት፣ ተጫዋቹም ወጣት። ተማሪም መምህርም አብረው ይማራሉ ማለት ነው። ቁጥር የሚገባቸው ሰዎች ናቸው፣ ለእኔ ተስፋ ይሰጣል፣ ግን አዲስ ኃላፊ ሲመጣ ግንባታው ከመሠረቱ እንደገና ይጀመራል፣ ይሄንን ሳልነግርህ ብቀር ማታለል ነው።

ወደ ዶጀርስ ልዙር ያልከው፣ ትችላለህ፣ ማንም አይከስህም። በ2024ም በ2025ም ዋንጫውን የበሉት እነሱ ናቸው። በሰዓት ብቻ ከሆነ እንዲያውም ዶጀርስ ይሻልሃል። ሜዳቸው ላይ የማታ ጨዋታቸው ሲጀመር ለእኛ ከንጋቱ 11 ሰዓት ግድም ነው፣ ለኪዳን የሚነሳ ሰው ያየዋል። ግን አንድ ነገር ልብ በል። ዶጀርስ በ2025 ሻምፒዮን ሲሆኑ በመደበኛው ሲዝን 69 ጊዜ ተሸንፈዋል። ዋሽንግተን በዚያው ዓመት 66 ጊዜ አሸንፏል። ይሄ 162 ጨዋታ ያለበት ስፖርት ነው፣ ምርጡም ከአሥር አራት ይሸነፋል፣ እንደ ዋሽንግተን ያለውም ከአሥር አራት ያሸንፋል። ሽንፈት የሚያንገበግብህ ሰው ከሆንክ ቡድን መቀየር አያድንህም። እኔ ከጥያቄህ የተረዳሁት ግን ሌላ ነው፣ ያደከመህ ሽንፈቱ ሳይሆን እንቅልፉና ብሩ ነው።

ስለ ብሩ አጭር መልስ፦ ቤቲንጉን ዛሬ አቁም። ወጣት ቡድን ላይ ማስያዝ በተለይ ሞኝነት ነው፣ ምክንያቱም ዛሬ እንደ አንበሳ ነገ እንደ ፍየል ነው የሚጫወቱት። ዋጋውን የሚያወጣው ድርጅት ደግሞ አንተ የምታውቀውን ሁሉ ቀድሞህ ያውቃል። 162 ጨዋታ ማለት ስድስት ወር በየቀኑ የሚፈታተንህ ነገር ማለት ነው። በተጨማሪ ብር ያስያዘ ሰው ያቺን ያልተመታች ኳስ አያያትም። ውጤቱን ብቻ ነው የሚያየው።

ስለ እንቅልፉ፦ በአዘቦት ቀን የዋሽንግተን ሜዳ ጨዋታ ሲጀመር እዚህ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ግድም ነው። በደብረ ብርሃን ብርድ፣ ያውም ክረምት ላይ፣ በዚያ ሰዓት ከብርድ ልብስ ወጥቶ ፒቸር ሲገረፍ ማየት ጤና አይደለም። ተው። የእሁዱ ጨዋታ በቀን ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ በአሜሪካኖቹ ሰዓት 1:35 ላይ፣ ለእኛ ምሽት 2:35። እራትህን በልተህ፣ ቡናህን ይዘህ፣ ከ5:30 በፊት ያልቃል። ከ2023 ወዲህ ፒቸሩ ላይ ሰዓት ስለሚቆጠርበት ጨዋታው ከሦስት ሰዓት በታች ሆኗል። የቀረውን ሳምንት ጠዋት ላይ የጨዋታውን መዝገብ አንብብ። እያንዳንዷ ኳስ በጽሑፍ አለች፣ ዳታም አይበላም፣ አንዳንዴ ከቪዲዮው ይበልጥ ትናገራለች።

እንግዲህ ምክሬ ይሄ ነው። አትዙር። ግን ገደብ ይኑርህ፣ እስከ 2027 ሲዝን መጨረሻ። ያኔ ሁለት ነገር እይ፦ 81 ጨዋታ፣ ማለትም ግማሹን፣ አሸንፈዋል ወይ? ባለቤቱስ አንድ ደህና የጎለመሰ ተጫዋች በእውነተኛ ገንዘብ አምጥቷል ወይ? አንዱ ካለ ቆይ። ሁለቱም ከሌሉ ኮፍያውን ለታናሽህ ስጠውና ሂድ፣ ጥፋቱ ያንተ አይደለም። አንድ ጥንቃቄ፣ የተጫዋቾቹና የሊጉ የጋራ ስምምነት በዲሴምበር 1 ቀን 2026 ያበቃል። ባለፈው ጊዜ ባለመስማማት 99 ቀን በሩ ተዘግቶ ነበር። ስለዚህ የ2027 ሲዝን ቢዘገይ ወይም ቢያጥር አትደንግጥ፣ ገደብህን በአንድ ዓመት ግፋው።

ሠላሳ ሰው ለመከታተል አትሞክር። ሦስት ምረጥ። ዉድን ውሰድ፣ በ2023 ድራፍት በሁለተኛነት የተመረጠውን ዲለን ክሩስን ውሰድ፣ ከታች ሊግ ደግሞ ዊሊትስን፣ ያንን በ17 ዓመቱ የተመረጠውን። እሱ ትልቁ ሊግ እስኪደርስ ዓመታት አሉት፣ ግን ከሥር ጀምረህ የተከተልከው ልጅ ሲደርስ የሚሰማህን ስሜት ዶጀርስ አይሰጥህም። ደብተር ያዝ። ለጓደኞችህ መልስ ካስፈለገህ ደግሞ ከ2004 በኋላ ከሃያ ዓመት በላይ የሊግ ዋንጫ ሲጠብቅ የኖረ አርሰናል ስለ ትዕግሥት ሊያስተምርህ ይገባ ነበር እንጂ ሊስቅብህ አይደለም በላቸው።

ሲዝኑ መጋቢት መጨረሻ ላይ ይጀመራል። በመጀመሪያው እሁድ ዉድ ስንት የምትታጠፍ ኳስ ሳይመታ እንዳሳለፈ ቆጥረህ ጻፍልኝ። ሆም ራኑን አልፈልግም፣ እሱን ከዜና አየዋለሁ።